ከጊታሩ በፊት የሚጠሩ ስሞች

ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ
ኅዳር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአስማማው፣
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

በመጀመሪያ ተነሥተህ ቁም። ተቀምጠው የሚሰሙት ዜና አይደለም። በዛሬው ዕለት፣ ከረጅም ምክክር በኋላ፣ የወጥ ቤታችን ሬዲዮ ከፍሪጁ አናት ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ደፍ ተዛውሯል። ርክክቡ የተፈጸመው ልጄ ውብአለም፣ እኔና መስኮቱ ላይ ያረፈች አንዲት እርግብ በተገኘንበት ነው። አጭር ንግግር አድርጌያለሁ። እርግቧ ንግግሩ ሳይጀመር ሄዳለች። አሁን መቀመጥ ትችላለህ።

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህ፣ ዓይንህና ሱቅህ፣ ሦስቱም እንዴት ናቸው? ባለቤትህ ወይዘሮ ወለተሥላሴስ? እግዚአብሔር ጤናችሁን ከነሳቃችሁ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ብርዱ ገና እየተለማመደ ነው። ውብአለም አረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ደብል ሺፍት ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ስትጦር ውላ ቤት ስትገባ እኔን ታገኛለች። ምን ታድርግ፣ ዕጣዋ ነው።

ዝውውሩ ለምን አስፈለገ ትለኝ ይሆናል። ፍሪጁ ያጓራል። ሬዲዮው ደግሞ የልጅ ልጄ የሐሴት ጣቢያ ላይ ነው የሚውለው፤ እዚያም የሚያጓራ ነገር አለ። የቱ ፍሪጅ፣ የቱ ጊታር እንደሆነ መለየት አቃተን።

ሐሴትን አትረሳትም። ከደሴ ስንወጣ ካሴት ቤትህ ባንኮኒ ላይ ቆማ ከድምፅ ማጉያህ ጋር እኩል የጮኸችው እሷ ናት። ባለፈው ሐምሌ ዕቃዋን ሸክፋ ፓርክዴል ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራየች። ፓርክዴል የከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። በባስ፣ ከዚያ በባቡር፣ ከዚያ ስትሪትካር በሚሉት የመንገድ ላይ ባቡር ይኬዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንተ ኮምቦልቻ ወርደህ፣ ምሳ በልተህ፣ ከሰው ተጣልተህ፣ ታርቀህ ትመለሳለህ። መጀመሪያ እሑድ እሑድ ትመጣ ነበር። ቀጥሎ ወር በገባ ቁጥር። አሁን ለእናቷ ቴክስት ታደርጋለች።

ነገር ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሬዲዮ አንድ ሙሉ ሰዓት ትናገራለች። የምታወራው ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለከተማው ሁሉ ነው። እኔም የከተማው ሰው ስለሆንኩ ድርሻዬን እወስዳለሁ። የምታጫውተው ሮክ ይባላል። ቆርቆሮ በመጋዝ ይቆረጥና፣ ጣቱን በር የዘጋበት የሚመስል ሰው ከላይ ይጮኽበታል። ሲያልቅ እሷ ትመጣለች። ሳቋ እንደ ድሮው ነው። ለዚያ ስል ቆርቆሮውን እችለዋለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቱ ልግባ። እዚህ የሙዚቃ ቴሌቪዥን የሚባል ነበር። ሐሴት ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር በየቀኑ የምትጣላበት። ዛሬ ብትከፍተው ሙዚቃ የለም፤ አንድ ቤት ውስጥ የተዘጋባቸው ሰዎች ሲበሉ፣ ሲሰዳደቡና ሲያለቅሱ ያሳይሃል። ስሙ ግን ያው ነው። የዋለልኝን ቤት አስበው፤ ሥጋ ቤት ተብሎ ቢራ ብቻ ነው የሚሸጠው። ተራው ደግሞ የሬዲዮው ሆነ። የሐሴት አለቃ፣ ስልክ የሚደውል የለም፣ ደብዳቤ የሚጽፍ የለም፣ ወጣቱ ሁሉ ጆሮውን በራሱ ሙዚቃ ወትፎታል አላት። እስከ ፋሲካ ድረስ አድማጭ መኖሩ ካልታየ ሰዓቷን ለኮምፒዩተር ይሰጠዋል። ኮምፒዩተር ዘፈን ይደረድራል፣ ደመወዝ አይጠይቅም። አይስቅም ግን።

የዘመድ ስልክ አይቆጠርም ተብሏል። ውብአለም ከሥራ ቦታዋ በሦስት ስምና በሦስት ድምፅ ኮል አድርጋ ነበር። ሦስቱም ሴቶች ሐሴት ምሳ መብላቷን ስለጠየቁ ተነቃባት።

ታዲያ እኛ በጊዜያችን ምን እናደርግ ነበር? ለሬዲዮ ጣቢያ ደብዳቤ ጽፈን ዘፈን እንጋብዝ ነበር። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ፣ የሚጋበዙት ሰዎች ስም አምስት ደቂቃ። እኔም ያንኑ አደረግኩ። በራሴ ስም አይሆንም፤ ስለዚህ ያንተን ተዋስኩ። እንግሊዝኛውን በላይብረሪው የምንማርበት ክፍል ያለችው አስተማሪ አቃናችልኝ። «እኔ አስማማው የተባልኩ የስካርቦሮ ነዋሪ፣ ቀጥሎ ያለውን ጩኸት ለሚከተሉት ወዳጆቼ እንድትጋብዙልኝ እጠይቃለሁ፤ ለሥጋ ቤቱ ለዋለልኝ፣ ለልብስ ሰፊው ለዓብይ፣ ለጠጅ ቤቷ ለአዲስአለም፣ ፊት ለፊቴ ላለው ለሪድዋንና ለእናቱ፣ ለቧንቧ ውሃ ሠፈር ዕድር አባላት በሙሉ።» ሐሴት አንዱንም ሳትዘል አነበበችው። አለቃዋ ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ከቢሮው መውጣቱን እዚያው በሬዲዮ ተናገረች። ከዚያ ጊታሩ ተለቀቀ።

ስለዚህ ከአንተ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም፣ በርበሬም አይደለም። ስም ላክልኝ። በብዛት።

ስምህን የተዋሰህ
በየነ

—

ደሴ
ታኅሣሥ 21 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ በየነ፣

ጤናዎን፣ የውብአለምን ትከሻና የሐሴትን ጉሮሮ እግዚአብሔር ይጠብቅልን። እንደ ትዕዛዝዎ ቆሜ ነው የሰማሁት። ሰማሁት ያልኩበት ምክንያት አለኝ። መነጽሬ ከተሰበረ ወዲህ ደብዳቤዎን የምታነብልኝ ወለተሥላሴ ናት። ይህን ቀድሜ ሳልነግርዎ በመቅረቴ አሁን ዋጋዬን እያገኘሁ ነው።

ስለ እርግቧ ስታነብ ሳቀች። ስለ ውብአለም ሦስት ድምፅ ስታነብ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ የስሞቹ ዝርዝር ላይ ደረሰች። ዋለልኝን አነበበች። ዓብይን አነበበች። አዲስአለም ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ ማንበቡን ተወች። ቀሪውን በዓይኗ ጨረሰችና ወረቀቱን አጥፋ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

ጋሼ፣ ባሏ ባሕር ማዶ ላለ ከተማ ሁሉ የጠጅ ቤቷን ሴት ስም አስጠርቶ የእሷን ተወ። ደብዳቤውን እኔ አልጻፍኩትም፣ ጋሼ በየነ ናቸው ብዬ ብምልም፣ «ስምህ ነው ያለበት» ብላ ዘጋችው። ይኸው እስካሁን ምግቤን ታቀርባለች፣ አጠገቡ ግን አትቆምም። ደብዳቤም አላነብም አልጽፍም ብላለች። ይህን የምጽፈው በሪድዋን እጅ ነው። እየሳቀ እንደሚጽፍ ከፊደሉ መንቀጥቀጥ ይረዱታል።

ሪድዋን ማለት እርስዎ የሚያውቁት የሐጂ ልጅ ነው፤ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ከሱቄ ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ክፍል ከፍቷል። በሩ ላይ «ሙዚቃ በሜሞሪ እንጭናለን» ይላል። ሰው ሞባይሉን ይሰጠዋል፣ እሱ በኮምፒዩተር እኔ ሃያ ዓመት የሰበሰብኩትን ዘፈን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሞልቶ ይመልስለታል። የኔ ካሴቶች መደርደሪያው ላይ አቧራ ይጠጣሉ። ድምፅ ማጉያዬን አሁንም ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ፤ ሰው ሰምቶ፣ ወዶት፣ ተሻግሮ ሪድዋን ጋ ይጭናል። የሙዚቃ ቴሌቪዥን ነው ያሉት፣ እኔም ሳልሞት እንደ እሱ ስሜ ብቻ የቀረ ሆኛለሁ።

ስለዚህ ሁለት ልመና አለኝ። አንደኛ፣ አገልግሎት ላይ የዋለም ቢሆን ላፕቶፕ የሚባለውን ዕቃ ይላኩልኝ። ሁለተኛውን ግን ከላፕቶፑ በፊት ይፈጽሙት። ለወለተሥላሴ ብቻዋን፣ ከእኔ ከባሏ፣ በሙሉ ስሟ አንድ ዘፈን ይጋበዝልኝ። ሌላ ስም እንዳይነካካው። ማስረጃውም ይላክልኝ፤ በቃሌ አታምንም።

ወሬው ከወጣ ወዲህ ሱቄ በሰው ተሞልቷል። ካሴት የሚገዛ የለም፤ ስሙን ሊያስመዘግብ ነው የሚመጣው። ዋለልኝ በስሙ ላይ «ጥሬ ሥጋም አለ» ተብሎ እንዲጨመርለት ይፈልጋል። ዓብይ ከዋለልኝ በኋላ መጠራቱን እንደ ንቀት ወስዶታል። ስሞቹን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ሬዲዮውን ከመስኮት ያውርዱት። በዚያ ብርድ ሳል ይይዘዋል።

ታናሽ ወንድምዎ
አስማማው

—

ስካርቦሮ
ጥር 26 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለተበደለው ለአስማማው፣ ይልቁንም ለበለጠ ተበዳይዋ ለወይዘሮ ወለተሥላሴ፣

ሰላምታዬ እግራችሁ ድረስ ይውረድ። ለሬዲዮው አትስጉ፤ የውብአለምን ሹራብ አልብሼዋለሁ። በረዶው ደፉን ቢሸፍነውም ድምፁ አልጎረነነም።

እመቤቴ ወለተሥላሴ ሆይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ የጻፍኩት እንደ በየነ እያሰብኩ ነው እንጂ እንደ ባልሽ አይደለም። እንደ ባልሽ ባስብ ኖሮ መጀመሪያ አንቺን፣ ቀጥሎም ራሴን እፈራ ነበር። አዲስአለምን ያስገባኋት ደግሞ እሷ ጋ የቀረብኝን ዱቤ ሳልከፍል በመምጣቴ ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ባልሽ ንጹሕ ነው። ያለ ወትሮው።

ልመናው ተፈጽሟል። ሐሴት አንድ ቀን እንዲህ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ፤ «ይህ ለወይዘሮ ወለተሥላሴ ነው። ከባለቤቷ ከአስማማው። ለእሷ ብቻ።» በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፣ ስምሽን ግን በደሴኛ። ካላቸው ሁሉ ለስላሳውን ዘፈን መረጠች። እንደ ወፍጮ ቤት ነው፣ ሆኖም እህሉ ሊያልቅ ሲል እንዳለው ወፍጮ።

ለማስረጃው አንድ ዘዴ ዘየድኩ። በአስማማው ስም ለጣቢያው ጽፌ፣ እስካሁን በስሜ የተላለፈውን ሁሉ በሲዲ ቀድታችሁ በቤቴ አድራሻ ላኩልኝ አልኩ። ፖስታው ቶሎ መጣ። ላዩ ላይ በአማርኛ «ለአቶ አስማማው» ተብሎ ተጽፏል፣ አንዱ ፊደል ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ጣቢያው አማርኛ የሚሞክር ሠራተኛ መያዙ ደስ ብሎኛል። ሲዲውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚያመጣላችሁ አምሃ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው፤ ለሠርግ ወደዚያ ይመጣል። ምሳ አብሉት፤ ዋለልኝ ቤት ግን አትውሰዱት፣ ሥጋ ፈልጎ ነው የሚመጣው።

አሁን ደግሞ ወሬው። የእንግሊዝኛ ክፍላችን በሙሉ ሽማግሌ ነው። አስተማሪዋ የኔን ደብዳቤ ስታርም ሌሎቹ አዩ። የስሪላንካው ጡረተኛ የባቡር ጣቢያ ሹም፣ ይህ ነገር ይፈቀዳል ወይ አለኝ። ግዴታ ነው አልኩት። እንግዲህ በማግስቱ ለስሪላንካ ባቡር መስመር ሠራተኞች ሁሉ፣ ጣቢያ በጣቢያ፣ ጻፈ። የቻይናዋ እመቤት ለእህቶቿ በዕድሜ ተራ ጻፈች። የፊሊፒንሷ ሴትዮ ለድመቷ ጭምር። አስተማሪዋ የሳምንቱ የጽሕፈት ልምምድ አደረገችው። ሐሴት ሁሉንም ታነባለች። ስም፣ ስም፣ ስም፣ ከዚያ ቆርቆሮው። አሁንማ መንገድ ላይ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ሳይቀሩ ለአክስቶቻቸው ማስጠራት ጀምረዋል። አለቃዋ፣ ሮክ የሚያዳምጥ ይህን ያህል ሽማግሌ መኖሩን አላውቅም ነበር ብሎ ደብዳቤዎቹን ግድግዳ ላይ ለጥፏቸዋል።

ሐሴትም ኮል አደረገችልኝ። ቴክስት አይደለም፣ ድምፅ። «አባባ፣ አስማማው የሚባል ሰው ታውቃለህ?» አለችኝ። ስካርቦሮ ትልቅ ሠፈር ነው አልኳት። ለረጅም ጊዜ ሳቀችና ዘጋች።

ላፕቶፑን ውብአለም እያፈላለገች ነው። አንተ ግን ስም ከመላክ እንዳትቦዝን፤ የኮምፒዩተሩ ነገር ገና አልተነሣም።

በየነ

—

ደሴ
መጋቢት 22 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለጋሼ በየነ፣

ክብር ለእርስዎ፣ ሰላም ለቤትዎ። የዘገየሁት አምሃ ሠርጉን ጨርሶ እስኪመጣ ስጠብቅ ነው። ሲመጣም ባዶ እጁን አልመጣም፤ ወፍሮ ነው የመጣው።

ሲዲው ገባ። እኔ ሲዲ ማጫወቻ የለኝም፣ ካሴት ነኝ። ስለዚህ ሪድዋን ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ መንገዱን ተሻገረ፤ ከድምፅ ማጉያዬ ጋር በሽቦ አገናኘነው። ገበያተኛው ቆመ። ዓብይ የልብስ ስፌቱን ትቶ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ወለተሥላሴ አልመጣችም። በሩ ላይ ግን ወንፊት ይዛ ቆማ አይቻታለሁ፤ ምንም አትነፋም ነበር።

ሐሴት ተናገረች። ከእንግሊዝኛው መሐል የወለተሥላሴ ስም እንደ ሰው ከመኪና ወርዶ ብቻውን መጣ። ከዚያ ጩኸቱ። አንድ የጭነት አህያ ደንግጦ ዓብይን ገፋው። ዘፈኑ እስኪያልቅ ማንም አልሄደም። ወለተሥላሴ ወንፊቷን አስቀምጣ ገባችና፣ «ይሄ የሚጮኸው ሰው ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። ከታኅሣሥ ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ሮክ ነው አልኳት። «እሱ ይቅርና እስኪ ከላይ ጀምሩት» አለች። አምስት ጊዜ ሰማችው። እርቃችን በዚህ ይታወቅ፤ ይህን ደብዳቤም የምትጽፈው እሷ ናት።

ቀጥሎ የሆነውን ግን እኔም አላሰብኩትም። ሰዉ ሞባይሉን ዘረጋ። ስሙ ያለበትን ጫኑልኝ ይላል። ሰኞ ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚሸጠው ሰው ስልኩ ሲጠራ የእናንተ ጊታር ነው የሚጮኸው። ሪድዋን ሥራው በዛበት። እኔም ማን የትኛው ዝርዝር ላይ እንዳለ በቃሌ ስለማውቅ እሱ ጋ ወንበር አስገብቼ ተቀመጥኩ። ካሴቶቼንም ወደ ኮምፒዩተር እየገለበጠልኝ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑን ይተዉት። በምትኩ ሁለተኛ ሲዲ ይላኩ፤ የቀሩት ስሞች ከዚህ ጋር አሉ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ወለተሥላሴ ናት የጠየቀችው። ጋሼ፣ ሲዲውን ላኩልኝ ብለው ለጣቢያው የሰጡት አድራሻ የእርስዎ ቤት ነው። ያ ቤት ሐሴት ያደገችበት አይደለም?

አስማማው
(በወለተሥላሴ እጅ)

—

ስካርቦሮ
ሚያዝያ 19 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለአስማማውና ለወለተሥላሴ፣

የትንሣኤው ደስታ ቤታችሁን አይልቀቀው። ስለ አድራሻው ላነሣችሁት ጥያቄ መልስ ላዘጋጅ ስል መልሱ በእግሩ መጣ።

እሑድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሐሴት ናት። በእጇ አንድ ትልቅ ከረጢት ይዛለች። ሰላም አላለችኝም።

«አቶ አስማማው አሉ?» አለች።

«ወጥተዋል» አልኳት።

«ሲመለሱ፣ ጣቢያው ተሽጧል ብለህ ንገራቸው።»

አስገባኋት። ክፍሏን ልየው ብላ በኮሪደሩ ስትሄድ ሻይ ቀርቧል ብዬ መለስኳት። ሻይ አልቀረበም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው የጣድኩት። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ከመላው ከተማ የመጣ ደብዳቤ ነው። ከሪጀንት ፓርክ፣ ከእኛው ስካርቦሮ፣ ስሙን ሰምቼው ከማላውቀው ሠፈር ሁሉ። አለቃዋ ቃሉን ጠብቆ ኖሯል፤ አድማጭ አለ ብሎ ሰዓቷን አጽንቶላት ነበር። ባለቤቱ ግን ጣቢያውን ለሌላ ድርጅት ሸጠው። ሕንፃውም ይፈርስና ኮንዶሚኒየም ይሆናል። ከሰኔ ጀምሮ ዘፈኑን የሚያጫውተው ኮምፒዩተር ነው፤ እሱም ያለው ቶሮንቶ አይደለም። ከሌላ ከተማ ሆኖ፣ «ሰላም ቶሮንቶ፣ እንዴት ያለ ደስ የሚል ቀን ነው» ይላል አሉ። ውጭው በረዶ ይሁን ጎርፍ አያውቅም።

አስማማው፣ ቀልድ ጠፋብኝ። እኔ የማስበው ደብዳቤ ከተጻፈ ነገሩ እንደሚቃና ነበር። ይህን ሁሉ ሽማግሌ አስነሥቼ፣ ይህን ሁሉ ስም አስጠርቼ፣ ከአንዲት ፊርማ በላይ አልሆነም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ምን ልሰማ ነው? ይህን ግን ለእሷ አልነገርኳትም። ያልኳት፣ ያን ሁሉ ቆርቆሮ የሚገዛ መገኘቱ ያስደንቃል ነው።

«አባባ፣ ከመጀመሪያው ቀን አውቄህ ነበር» አለችኝ። «ከአንተ ሌላ ለዕድር ዘፈን የሚጋብዝ ማን አለ?»

«ታዲያ ለምን አነበብሽው?»

«ደስ አለኝ። አስማማው ሲጽፍ አንተ ደህና መሆንህን አውቃለሁ።»

ይኸውላችሁ። እኔ እሷን በሬዲዮ ስሰማ፣ እሷ ደግሞ እኔን በፖስታ ታነበኝ ነበር። በመሐላችን ደግሞ የምታውቁት ባስ፣ ባቡርና ስትሪትካር።

የመጨረሻዋ ቀን ግንቦት ውስጥ ነው። ጣቢያው ድረስ መጥቼ ስሞቹን ራሴ እንዳነብ ትፈልጋለች። ስለዚህ የሁሉንም ስም በአንድ ላይ ላኩልኝ። ቅደም ተከተሉን እናንተው ጨርሱት። እኔ በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ አልገባም።

በየነ

—

ደሴ
ግንቦት 8 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለጋሼ በየነ፣

እግዚአብሔር ያጽናናዎ፤ ሐሴትንም የተሻለ ያዘጋጅላት። ፈጥነን የጻፍነው ቀኑ እንዳያልፍ ነው። በሚሄድ ሰው እጅ ልከነዋል።

ዝርዝሩ ከዚህ ጋር አለ። በቅደም ተከተሉ ጠብ ተነሥቶ ስለነበር ወለተሥላሴ ዳኛ ሆና ተቀመጠች። ሐሴትን አንደኛ አደረገቻት፣ ራሷን ሁለተኛ። ከዚያ በኋላ ያለው በሰልፍ ነው አለች። ዋለልኝና ዓብይ አንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ ሲያነቡ በአንድ ትንፋሽ ይበሏቸው። አዲስአለም አለችበት። ያስገባቻት ራሷ ወለተሥላሴ ናት፣ የዱቤው ነገር አሳዝኗት።

አሁን የምንለምንዎ ዕቃ የለም። የምንለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ቀን እንዴት እንደነበር እውነቱን ይጻፉልን። ወለተሥላሴ ደብዳቤዎችዎን ሁሉ ከሣጥን አውጥታ ደግማ አነበበቻቸው። «በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ነገር ውሸት ነው» ትላለች። እኔ የባቡር ጣቢያ ሹሙን ጠረጠርኩ። እሷ ግን አይደለም አለች። የቱ እንደሆነ ይንገሩን።

አስማማው

—

ስካርቦሮ
ሰኔ 13 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለዳኛዋ ለወይዘሮ ወለተሥላሴና ለባለቤቷ፣

ፍርድሽ ይጽና። እንደታዘዝኩት እውነቱን እጽፋለሁ። ስላልለመድኩት እጄ ቢከብደኝ ይቅር በሉኝ።

ጣቢያው ከአንድ ጎማ መሸጫ በላይ ያለች ክፍል ናት። ያ ሁሉ ጩኸት ከዚያች ጠባብ ቤት ይወጣ ነበር ብል አታምኑኝም። አለቃዋ ረጅም ፀጉር ያለው፣ እንደ እኔው ሽማግሌ ነው። ክራቫት አድርጌ በመምጣቴ በጣም ተነካ፤ ክራቫት አድርጎ የመጣልን ሰው የለም አለ። ሐሴት ጆሮዬ ላይ ማዳመጫውን ራሷ አስተካከለችልኝ። ከዚያ ማይኩን ወደ እኔ ገፋችው።

አነበብኩ። በአማርኛ ነው ያነበብኩት፣ አንዱንም አልዘለልኩም። ሐሴት ብዬ ስጀምር አጠገቤ ያለችው ቀና አለች። ወለተሥላሴ አልኩ። ዋለልኝና ዓብይን በአንድ ትንፋሽ አወጣኋቸው፤ ትንፋሼ አጥሮ ዓብይ ላይ ትንሽ ደከም ብያለሁ፣ ይህን አትንገሩት። ዕድሩን፣ ሪድዋንን ከነልጆቹ፣ ሽንኩርት ሻጩን አነበብኩ። ከዚያ የባቡር ሹሙን ጣቢያዎች፣ የቻይናዋን እመቤት እህቶች፣ ድመቷንም። ሐሴት ሰዓቱን እያየች በምልክት ቀጥል ትለኝ ነበር። አለቃዋ በመስታወቱ ማዶ ሆኖ ዓይኑን ይጠርጋል። ስጨርስ ከፕሮግራሙ የቀረው ለአንድ ዘፈን እንኳ አልበቃም። የጊታሩ መነሻ ብቻ ተሰማና ጊዜው አለቀ። የዚህ ከተማ አንድ የሮክ ጣቢያ የመጨረሻ ሰዓቱን የደሴን ሰው ሲጠራ ጨረሰ። ይህ ውሸት አይደለም። ሲዲው ከዚህ ጋር አለ፣ ጫኑት።

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ኮምፒዩተሩ ጀመረ። አይሳሳትም፣ አያስልም፣ ማንንም አይጠራም።

አሁን ወደ ፍርዱ ልምጣ። የባቡር ጣቢያ ሹሙ እውነት ነው፤ ከፈለጋችሁ ራሱ ይጻፍላችሁ። የውብአለም ሦስት ድምፅም እውነት ነው። እስከ ዛሬ ትክዳለች እንጂ።

ባለፈው ሳምንት ሐሴት የፓርክዴሉን ቤት ለቀቀች። ያለ ሥራ ኪራዩን አትችለውም፤ ደግሞም ፕሮግራሟን በኢንተርኔት ልትቀጥል አስባለች። ደብዳቤ የሚጽፉት ሽማግሌዎች ኢንተርኔት ባይኖራቸውም በላይብረሪው ይሰማሉ ትላለች። ለዚህ ፀጥ ያለች ክፍል ያስፈልጋታል። ሳጥኖቿን በኮሪደሩ እየገፋች ሄደች። እኔም እንደዚያ ቀን ሻይ ቀርቧል አልኩ። «አባባ፣ ሻዩ ይቆይ» ብላ የድሮ ክፍሏን ከፈተች።

አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው። ራስጌው ላይ ሬዲዮው አለ። አጠገቡ ወንበሬ፣ በወንበሩ ላይ ጋቢዬ፣ መሬት ላይ የጠጣሁበት ብርጭቆ። ሬዲዮውን ስትከፍተው ከእሷው ጣቢያ ንቅንቅ አላለም፤ የኮምፒዩተሩ ጊታር ጮኸ። ዘጋችው። «ወንበሩ እዚሁ ይሁን» አለች። «ማይኩን በዚህ በኩል አደርገዋለሁ።»

እንግዲህ ወለተሥላሴ፣ አገኘሽው። ሬዲዮው ከፍሪጁ አናት ወደ መስኮቱ ደፍ ተዛውሮ አያውቅም። ፍሪጁ አናት ላይ የሚቀመጠው ዳቦ ነው። ሐሴት ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ሬዲዮው የነበረው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኔም። ይህን በኅዳር ብጽፍላችሁ ኖሮ አስማማው በድምፅ ማጉያው ለደሴ ሰው ሁሉ ያሰማው ነበር።

እርግቧ ግን የእውነት ናት። ያረፈችው በሐሴት ክፍል መስኮት ላይ ነበር። ንግግር ማድረጌም እውነት ነው፤ ሳይጀመር ሄዳለች ያልኩት ብቻ ሐሰት ነው። እስከ መጨረሻው ቆማ ሰምታኛለች። ምን እንዳልኩ እሷ ታውቃለች፤ እናንተ አትጠይቁኝ።

በየነ